መብራት የሚያጠፋው እንግዳ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ባለው ቤቴ ብሬከሩ በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ወረደብኝ። መጀመሪያ ሄጄ መለስኩት፣ ሁለተኛ ጊዜ ተራግሜ መለስኩት፤ በሦስተኛው ግን ከውሃ ማሞቂያው በኩል የተቃጠለ ሽቦ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን ሲነካኝ እጄ ብሬከሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ባለቤቴ ስልኩን አንሥቶ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሊጠራ ሲል ተወው አልኩት። ግትር ነሽ ይለኛል፣ እውነቱን ነው። ከእናቴ የወረስኩት ቤትም መሬትም የለም፣ ግትርነቷን ግን ለወንድሞቼ ሳላካፍል ጠቅልዬ ወስጃለሁ። በቤቱ ውስጥ ሶኬት ላይ የተሰካውን ሁሉ ነቃቀልኩና ብሬከሩን መልሼ፣ ማቀዝቀዣውን፣ ምድጃውን፣ ካውያውን አንድ በአንድ እየሰካሁ ከእያንዳንዱ በኋላ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ጀመርኩ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ትዕግሥት ከየት አመጣሽው ብሎ ሲስቅብኝ፣ እኔ በተቃጠለው ሽታ ተይዤ በሐሳቤ የልጅነት አገሬ ዘመሮ ገብቼ ነበር።

የዘመሮው ቤታችን ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አባቴ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራል፣ እናቴ አስካለ ደግሞ የበግ ጸጉር ትፈትላለች፤ ስለዚህ ከቤታችን የአሮጌ ወረቀትና የእርጥብ በግ ሽታ አይጠፋም ነበር። መብራት የገባልን እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሦስት አምፖል፣ አንድ ሶኬት፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ብሬከሩ ያለባት ትንሽ ሣጥን፤ ይኸው ነው። አባቴ በየቀኑ አብርቶ ያጠፋና እንደገና ያበራ ነበር፣ እንዲያው ለመተማመን ያህል። እናቴ ግን ግድግዳው ላይ በምስማር ተይዞ የሚሄደውን ነጭ ገመድ ዓይኗ ሊለምደው አልቻለም። ለፋሲካ ቤቱን ስትመርግ ጭቃውን ከገብስ ጭድ ጋር አቡክታ ገመዱን ከላይ እስከ ታች ቀበረችው፣ በእበት ለቀለቀችው፣ በላዩ ነጭ አፈር ቀባችው። ግድግዳው እንደ ሙሽራ ፊት ጠራ። ሁለት ጎረቤቶች መጥተው አይተው ቀኑና የራሳቸውንም ገመድ ሄደው ቀበሩ። በሰፈራችን ገመድ በጭቃ መቅበር የባለሙያ ሴት ምልክት ሆነ።

አባባ ድንበሩ የአባቴ ወዳጅና የሰፈራችን በርኖስ ሸማኔ ነበሩ። እናቴ ትፈትላለች፣ እሳቸው ይሸምናሉ፤ በእሷ እንዝርትና በእሳቸው መወርወሪያ ያለፈ በርኖስ ስንቱን የመንዝ ሰው ከውርጭ አድኗል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከሥራቸው ተነሥተው ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ጠላ ካለ ጠላ ይጠጣሉ፣ ከሌለም ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ከአባቴ ጋር ስለ ድሮ ሙግቶች ያወራሉ፣ ራት ሳይቀርብ ይነሣሉ። መብራታችንን ከእኛ ይልቅ የወደዷት እሳቸው ናቸው። ከተቀመጡ በኋላ ቀና ብለው አምፖሏን ያዩና ‹‹ተመስገን፣ ይህንንም አሳየኸን›› ይላሉ። ይህን ሳይሉ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም።

የሚለብሱት ራሳቸው የሸመኑትን ጥቁር በርኖስ ነው። ደረቅ ሳለ የአንድ ጠቦት ያህል ይከብዳል፣ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ እናቲቱን በግ ያክላል። በእኛ አገር የእንግዳን በርኖስ ከትከሻው ተቀብሎ ከፍ ካለ ቦታ መስቀል ወግ ነው፣ መሬት ላይ ከተቀመጠ ባለቤቱን እንደ መናቅ ይቆጠራል። ሌሎቹ እንግዶች ግን ከብርዱ የተነሣ እንደ ተከናነቡ ተቀምጠው እንደ ተከናነቡ ይነሣሉ። አውልቆ የሚቀመጥ ቤተኛ አባባ ድንበሩ ብቻ ስለ ነበሩ፣ ከመደቡ በላይ ያለው የወይራ ኩላብ ለእሳቸው የተለየ ነበር። በሰኔ መጨረሻ ኩላቡ ክብደቱ በዝቶበት ተሰበረ። አባቴ ለወዳጁ የማይሰበር ነገር ይሁንለት ብሎ በዚያው ቦታ ጣት የሚያክል ምስማር በድንጋይ መትቶ አስገባ፣ በሥራውም በጣም ኮራ።

ሐምሌና ነሐሴ ዘመሮ ላይ ፀሐይ በእንግድነት ነው የምትመጣው። ከጓሳ በኩል የሚወርደው ጉም በሩን ሲያንኳኳ ይውላል፣ በቀንም መብራት ይበራል። በሐምሌ መጀመሪያ ሳምንት አባባ ድንበሩ ዝናቡን ተሸክመው ገቡ፣ በርኖሳቸውን ተቀብዬ ሰቀልኩ፣ ተቀመጡ፣ ቀና ብለው አምፖሏን አዩና ተመስገን ሲሉ ከሣጥኗ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣና ቤቱ ጨለመ። አባቴ ብሬከሩን መለሰው፣ እንደገና ወረደ። ኩራዝ ለኩሰን አመሸን። እሳቸው በርኖሳቸውን ለብሰው ሲሄዱ ግን ብሬከሩ ሲመለስ ጸንቶ ቆመ። በማግስቱም እንደዚሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚሁ። አንዳንዴ ገና ጤና ይስጥልኝ ሲሉ ይጠፋል፣ አንዳንዴ ጥቂት ይቆይና ቆሎ ሲይዙ ይጠፋል፤ ከሄዱ በኋላ ግን አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። አባቴ ‹‹አንተ ሰው፣ ለፍርድ ቤት አልከስህም እንዴ›› እያለ ይቀልድባቸው ነበር፣ እሳቸውም ይስቁ ነበር።

ቀልዱ ቀልድ ሆኖ የቀረው እትዬ ዘነበች እስክታየው ድረስ ነው። እትዬ ዘነበች አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን ነበረች፤ ክፉ አልነበረችም፣ ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርስ እሷ ናት፣ ግን አፏ በር የለውም። ወንፊት ልትዋስ የመጣች ዕለት አባባ ድንበሩ ቀና ብለው አምፖሏን ሲያዩና ቤቱ ሲጨልም በዓይኗ አየች። ወንፊቱን ረስታ ሄደች። በእኛ አገር በሸማኔና በሸክላ ሠሪ ላይ የሚወራ የቆየ ክፉ ወሬ አለ፤ ማንም በግልጽ አይናገረውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል፣ አንድ ምክንያት እስኪያገኝ ብቻ ነው አድፍጦ የሚቀመጠው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና በሳምንቱ የአባባ ድንበሩ ዓይን መብራት ያጠፋል የሚለው ወሬ ገበያ ደረሰ። እሳቸው ባለፉበት የሚያጠቡ እናቶች ነጠላቸውን ልጃቸው ላይ መጣል ጀመሩ። እኔ ራሴ፣ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ፣ ቆሎውን ሳቀርብላቸው ፊታቸውን ላለማየት አቀርቅሬ ነበር።

አባቴ ከዋናው ከተማ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠራ። ሰውየው የመጣው እንደ አጋጣሚ ፀሐይ ባለበት ቀትር ላይ ነው። ሣጥኗን ከፈተ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ፣ አምፖሎቹን አወለቀና መለሰ፣ ሁሉንም አብርቶ እስኪሰለቸው ጠበቀ፣ ምንም የለውም አለ። እውነትም ምንም አልነበረውም። ምሳውን በልቶ ሊሄድ ሲል ታሪኩን ሰምቶ፣ ‹‹እንግዲህ ይህ በእኛ ሙያ የሚገባ አይደለም›› ብሎ ሳቀ። በእሱ ቤት ጨዋታ መጨመሩ ነው፤ እትዬ ዘነበች ግን በአጥሩ በኩል ስለ ሰማችው፣ የተማረ ሰው መሰከረ ተባለ።

አባባ ድንበሩ መምጣት አቆሙ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። አባቴ ሄዶ ሲጠይቃቸው፣ ሰው ቤት ጨለማ ይዤ አልገባም አሉት። ቆይቶ ደግሞ የሽመና ዕቃቸውን ሸጠው፣ መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ራቤል ያለችው እኅታቸው ዘንድ ለመሄድ ማሰባቸው ተሰማ። አባቴ ይህን ነግሮን አንገቱን ደፋ። እናቴ ግን እንዝርቷን አስቀምጣ ተነሣች። ‹‹እኔ ቤት በጠፋ መብራት ሰው አገሩን ለቆ አይሄድም›› አለች። ‹‹የጠፋበትን ሳላገኝ መስቀል አይደመርም።›› ስትቀልድ ነው ብዬ አይቻት ነበር፤ አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት የቤታችን ፈተና ናቸው። ከሶኬቱ ሬዲዮኑን ነቀለች፣ ሬዲዮ ሳንሰማ ዐሥር ቀን ኖርን። አምፖሎቹን ከክፍል ክፍል አዛወረች። ከበሩ ጀርባ በከሰል ምልክት ታደርግ ጀመር፤ ከሐምሌ ወዲህ አባባ ድንበሩ የመጡባቸውንና መብራቱ የጠፋባቸውን ቀናት እያስታወስን እንድንነግራት አስገደደችን። ውጤቱ ግን አስደነገጣት፣ ሁለቱ ምልክቶች አንድም ሳይዛነፉ ጎን ለጎን ወረዱ። እሳቸው ያልመጡበት የጠፋ ቀን የለም፣ የመጡበት ያልጠፋ ቀን የለም። ‹‹ከሰሉም የዘነበች ወገን ሆነ›› አለችና በጨርቅ ጠራርጋ አጠፋችው።

በማግስቱ አዲስ ነገር ይዛ ተነሣች። እሳቸው ሲገቡ የሚያደርጉትን ሁሉ በቅደም ተከተል እንድናደርገው አዘዘችን፣ አባባ ድንበሩን ሆኜ የምጫወተው እኔ ሆንኩ። ውጭ ወጥቼ ጎንበስ ብዬ ገባሁ፣ ጤና ይስጥልኝ አልኩ፣ የአባቴን ኮት አውልቄ ሰጠኋት፣ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው፣ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ፣ ቀና ብዬ አምፖሏን አየሁና ተመስገን አልኩ። ወንድሞቼ እስኪንከባለሉ ሳቁ። መብራቱ ቦግ እንዳለ ነው። እንደገና አለች። ሦስት ጊዜ ገባሁ፣ ሦስት ጊዜ አመሰገንኩ። ‹‹ምን ቀረን?›› አለች፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሷ። ‹‹ቦታው ያው ነው፣ መቀመጫው ያው ነው፣ ማየቱም ያው ነው። የቀረው በርኖሱ ነው።››

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። አባባ ድንበሩ ለምን እንደፈለገችው ሳይጠይቁ በርኖሱን እንደሰጧት፣ እሳቸው ግን ከእሷ ጋር አልመጣም እንዳሉ ኋላ ነገረችን። ስትመለስ ዶፍ ያዛትና በርኖሱን ተከናንባ፣ ከክብደቱ የተነሣ እየተንገዳገደች ገባች። ምስማሩ ላይ ሰቀለችውና መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ማንም እንዳይናገር፣ ማንም ቀና ብሎ አምፖሏን እንዳያይ ከለከለችን። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። እኛ ትንፋሻችንን ውጠን መሬት መሬቱን እናያለን። ብዙም ሳይቆይ ቀጭ አለና ጨለመ፤ እናቴ በጨለማው ውስጥ እልል አለች። መብራት ሲጠፋ እልል ያለች ሴት በመንዝ ምድር የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

እልልታውን ሰምታ እትዬ ዘነበች እርጥብ የበግ ጸጉር ባናዋን እንደ ለበሰች ሮጣ ገባች። እናቴ ሰውየው እቤታቸው መሆናቸውን፣ በርኖሱ ብቻውን መብራቱን እንዳጠፋ ነገረቻት። እትዬ ዘነበች አሰብ አደረገችና፣ ‹‹ታዲያ አስካልዬ፣ ዓይኑ ልብሱ ላይ ተርፎ ቢሆንስ?›› አለች። አባቴ በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ወደ ጓዳ ገባ። እናቴ ግን በርኖሱን አወረደች፣ ብሬከሩን መለሰች፣ የእትዬ ዘነበችን ባና ከትከሻዋ ገፈፈችና ውጭ ካለው የዝናብ ውሃ በርሜል ውስጥ ዘፍቃ አመጣችው።

‹‹ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ልብሴን!›› አለች እትዬ ዘነበች።

‹‹ዝም ብለሽ ጠብቂ።››

ባናው ምስማሩ ላይ ተሰቀለ። ጠበቅን። ቀጭ አለና ጨለመ። ‹‹በይ እንግዲህ›› አለች እናቴ፣ ‹‹ዓይንሽን አስባርኪ።››

ከዚያ ብሬከሩን እንደወረደ ትታ ኩራዙን አስያዘችኝና ያንን በእበት የለቀለቀችውን፣ ነጭ አፈር የቀባችውን፣ ስንቱ ያደነቀውን ግድግዳዋን በቢላዋ ትቀደው ጀመር። ጭቃው ሲነሣ የተቃጠለ ሽታ ወጣ። ምስማሩ ቀብራ የረሳችውን ገመድ ወግቶት ኖሯል፤ የአንዱን ሽቦ ላስቲክ ቀዶታል፣ ከሌላው ጋር ደግሞ ሊነካካ ትንሽ ነው የቀረው። ቀላል ነገር ሲሰቀልበት ዝም ይላል፤ ውሃ የጠጣ በርኖስ ሲሰቀልበት ግን በራሰው ጭቃ ውስጥ ቀስ እያለ ያዘነብልና ሁለቱን ያገናኛቸዋል፣ ብሬከሩም ይወርዳል። ልብሱ ሲወርድ ምስማሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔ ያንን ምስማር በእርጥብ እጄ ስንት ቀን እንደነካሁት እናቴ ስታስበው ፊቷ ተለዋወጠ፣ እቅፍ አድርጋ ያዘችኝ። ከዚያም ወደ እትዬ ዘነበች ዞረች። ‹‹ገመዱን የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ ምስማሩን የመታው ባሌ ነው። ወሬውን ይዘሽ የገባሽበት ቤት ሁሉ ነገ በዚያው እግርሽ ሄደሽ እንዲህ ብለሽ ትናገሪያለሽ፦ አስካለ ናት ያጠፋችው በይ።››

እትዬ ዘነበች ሄደች፤ ይህን አልክድባትም። ከቤት ቤት እየዞረች ነገረች፣ እንዲያውም የተዘፈቀ ባናዋን እንደ ምስክር እያሳየች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈርተኛው ቤታችን ተሰበሰበ። አባቴ ገመዱን አስቀጥሎ ነበር፣ ምስማሩ ተነቅሎ በሌላው ግድግዳ ላይ አዲስ የወይራ ኩላብ ተተክሏል። እናቴ ራሷ ሄዳ አባባ ድንበሩን በእጃቸው ይዛ አመጣቻቸው። በርኖሳቸውን ተቀብላ ሰቀለች፣ አስቀመጠቻቸው፣ ‹‹በሉ ቀና ብለው ይዩ›› አለቻቸው። ብዙ አመነቱ። ቀና አሉ። አምፖሏ ቦግ እንዳለች ቆየች፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ እኒያ ዓይናፋር ሽማግሌ ግን ተመስገን ማለት አቅቷቸው ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ራቤል መሄዱ ቀረ። ማታ ማታም መምጣታቸው ቀጠለ።

በደብረ ብርሃኑ ቤቴ ጥፋቱን ያገኘሁት ከቀትር በፊት ነው። የውሃ ማሞቂያው ገመድ ከግድግዳው የሚወጣበት ላይ ነድዶ ነበር፤ ቆርጬ ጣልኩት፣ ሠራተኛው መጥቶ አዲስ አሰረልኝ። በዚህ ሁሉ ማንም ሰው አልተጠረጠረም፣ ደስ ሊለኝ ይገባል። ነገር ግን የሚጠረጠር እንግዳ ከየት ይመጣል? ከጎኔ ያለውን ጎረቤቴን ስም አላውቀውም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሬን ገፍቶ የሚገባ ሰው የለኝም፣ ልጆቼ የእንግዳ ልብስ መቀበል አያውቁም፣ ቢያውቁም የሚሰቀልበት ኩላብ ግድግዳዬ ላይ የለም። እኔ በዘመሮ ልጅነቴ ሐሜቱንም ሰውንም በአንድነት ነበር ያገኘሁት፤ አሁን ከሐሜቱ ስሸሽ ሰዉንም አጥቼዋለሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ። ያ እሑድ ሰዉ ከተበተነ በኋላ አባባ ድንበሩ ደጃፉ ላይ ቆመው ለእናቴ የተናገሩትን፣ በርኖሳቸውን ይዤ ከጎናቸው ቆሜ ስለ ነበር ሰምቻለሁ።

‹‹አስካለ፣ አንቺ ግድግዳውን ጠረጠርሽ›› አሏት። ‹‹እኔ ራሴን ነው የጠረጠርኩት።››

‹‹ምን ማለትዎ ነው አባባ?››

‹‹ሰው ሁሉ ሲለው ጊዜ፣ ሊሆን ይችላል አልኩ። ከሰው በላይ አላውቅ። የልጄ ልጅ ክርስትና የተነሣ ዕለት ለመቅረት ልቤ አልቻለም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬ ቆምኩ። እናቱ አባቴ ቀረ ብላ ስታለቅስ እሰማታለሁ። ልጁን እስካሁን አላየሁትም።››

እናቴ በዚያው እርምጃ ወደ ልጃቸው ቤት ይዛቸው ሄደች፣ ሕፃኑን ከእናቱ ተቀብላ እቅፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ያን ዕለት ስትመለስ መደቡ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ አባቴ መብራቱ እንደሆነ በርቷል፣ ምን ሆነሽ ነው አላት። ያ ልጅ ታናሽ ወንድሜን እግር በእግር እየተከተለ እኛው ግቢ ውስጥ ነው ያደገው፣ አያቱም ማታ ማታ እኛ ቤት ሲያገኙት ጠርተው ይስሙት ነበር። ሁልጊዜም፣ ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት እስከገባ ድረስ፣ ሲስሙት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።